ገንዳ ዳር ቆማችሁ የምትዋኙ ወላጆች ሆይ፣ እጅ እነሳለሁ

ሰው ስለ ዋና ሲያወራ ሁሌ የሚያደንቀው ዋናተኛውን ነው፣ ሜዳልያው ለሱ፣ ጭብጨባው ለሱ፣ ቃለ መጠይቁ ለሱ። ገንዳው ዳር በሙሉ ልብሱ ቆሞ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይነካው፣ የልጁን ትምህርት ከአሰልጣኙ እጅ ነጥቆ በጩኸት የሚመራውን ወላጅ ግን እስከዛሬ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ግፍ ነው ይሄ። ስለዚህ ዛሬ እኔ ላመስግነው፣ ሌላ ሰው እስኪነሳለት ብንጠብቅ ራሱ ስቶሪው ላይ ራሱን አመስግኖ ይቀድመናል።

መጀመሪያ አመዘጋገቡን ላድንቅ። የአሜሪካ የህፃናት ሃኪሞች አካዳሚ የዋና ትምህርት ከ1 አመት ጀምሮ የመስጠም አደጋን ሊቀንስ ይችላል፣ 4 አመት ሲሞላቸው ደሞ አብዛኞቹ ልጆች ለትምህርቱ ዝግጁ ናቸው፣ የልጁንም ሁኔታ ከሃኪሙ ጋር ተነጋገሩበት ምናምን ይላል። የኛ ጀግና እንደዚህ አይነት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ልጁ ዋና የሚጀምርበት ቀን የሚቆረጠው የባልደረባው ልጅ ከገንዳ ዳር ስትዘል የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኩ ላይ በገባ ቀን ነው። ማታ ቪዲዮ፣ ጠዋት ምዝገባ። እንዲህ አይነት ፍጥነት በሌላ ጉዳይ ላይ ብናይ ኖሮ የት በደረስን።

ምዝገባ ላይ የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ብስለቱን ይናገራል። ፈሪ ወላጅ ሄዶ አንድ አሰልጣኝ ስንት ልጅ ይይዛል፣ ላይፍጋርድ (የሚሰጥም ሰው የሚያወጣ የገንዳ ጠባቂ) አለ ወይ፣ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ አሰልጣኙ ትንፋሽ ለቆመበት ሰው የሚደረገውን የመጀመሪያ እርዳታ ያውቃል ወይ እያለ የሰው ግዜ ይበላል። የኛው ግን ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ጣል አድርጎ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ይላል፣ በቃ። ሁለተኛ ጥያቄ ካለው «ሰርተፍኬቱ ፎቶ አለው?» ነው። አንዱማ በሁለት ሳምንት ውስጥ በተርፍላይ ይደርስ እንደሆነ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፣ ልጁ ያን ሰአት ከእግሩ ስር ቁጭ ብሎ ጫማውን በተቃራኒ እግር ለማጥለቅ እየታገለ ነበር። በተርፍላይ ማለት ከአራቱ የውድድር አዋኛኘቶች ብዙ ሰው ከባዱ ነው የሚለው ነው፣ ግን ለራእይ ወሰን የለውም።

ከዛ እቃ ግዢ። እዚህ ላይ እጅ በአፍ የሚያስጭን ነገር ነው ያለው፣ ልጁ ፊቱን ገና ውሃ አላስነካም መነፅሩ የውድድር ነው፣ የእግር መቅዘፊያ አለው፣ የእጅ መቅዘፊያ አለው፣ ለአፍንጫው መቆንጠጫ አለው። የዋና ልብሱን ደሞ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው የሚመርጡለት፣ ከገንዳው ወለል ጋር ማች እንዲያደርግ። ደማቅ ብርቱካናማ ወይ ደማቅ ሮዝ ቢሆን ልጁ ውሃ ስር ሆኖም ከሩቅ ይታያል ይባላል፣ ግን ማን ነው ውሃ ስር የሚያየው? ፎቶ የሚነሳው ላይ ነው። ክንዱ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክም አይረሳም። እሱማ ድንቅ ፈጠራ ነው፣ ልጁን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቆምና መዋኘት በአግድም መሆኑን ያስረሳዋል፣ ሲወልቅ ምን እንደሚሆን ደሞ እሱ የሚቀጥለው ሳምንት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ራሱን የቻለ ውዳሴ ይገባዋል። አሰልጣኟ ውሃ ውስጥ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፣ ስድስት ህፃናት ከበዋታል፣ በእፍኟ ውሃ ቀድታ አገጯ ስር ይዛ «ሻማ ነው፣ እፍ በሉት» ትላለች። አንዱ ይነፋል። አንዷ ውሃውን ትጠጣዋለች። አንዱ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ከአየር ይልቅ ወደ 25 እጥፍ ፈጥኖ ሙቀት ስለሚያሸሽ ትንሽ ገላ ቶሎ ይበርደዋል፣ የህፃናት ክፍለ ጊዜ ብዙ ቦታ 30 ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ለዚህም ጭምር ነው። ቀጥሎ ከንፈር ውሃ ይነካል፣ ከዛ አፍንጫ፣ ከዛ አንዷ አይኗን ጨፍና ሙሉ ፊቷን ነክራ ቡልቅ ቡልቅ አድርጋ ትወጣና ዙሪያዋን ታያለች፣ ዓለም እንደተቀየረ ሁሉ። አሰልጣኟ ታጨበጭባለች። ከላይ ወንበር ላይ ደሞ የኛ ሰው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ «ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት? አረፋ ለመንፋት?» ይላል።

ትክክል ብሏል። ውሃ ውስጥ አየር ማስወጣትን የሚያህል ጥቃቅን ነገር ላይ ቀን ማቃጠል ምን ይሉታል? እርግጥ ትንፋሹን አፍኖ የሚዋኝ ልጅ አየር ፍለጋ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፣ ጭንቅላት ቀና ሲል ዳሌና እግር ይወርዳሉ፣ እግር ሲወርድ ልጁ ባለበት ይቆማል ከዛም ይሰጥማል፣ አሰልጣኞች የሚያምኑት ጉዳዩ ሁሉ ከዛች አረፋ እንደሚጀምር ነው። ግን አሰልጣኞች እንግዲህ ስራቸው ሆኖ ነው። ማይክል ፌልፕስ የሚባለውን ሰው ታውቁት ይሆናል፣ 28 የኦሎምፒክ ሜዳልያ፣ ከነሱ 23ቱ ወርቅ። እሱ በ7 አመቱ ሲጀምር ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ይፈራ ስለነበር መጀመሪያ የተማረው በጀርባው መንሳፈፍ ነው። አያችሁ ጥፋቱን? ያኔ ገንዳው ዳር የኛ ሰው ቢኖር ኖሮ «ምን ትለማመጡታላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ንከሩት!» ብሎ በአንድ ከሰአት ይገላግለው ነበር፣ ከዋናም ከውሃም ለዘላለም።

አሁን ወደ ዋናው ችሎታ እንምጣ፣ ወደ ድምፁ። ልጅ በጀርባው ሲንሳፈፍ ጆሮው ውሃ ውስጥ ነው ያለው፣ የሚሰማው ነገር ቢኖር የራሱ ትንፋሽና የሆነ ሩቅ ጉርምርምታ ነው። አሰልጣኟ ይሄን ስለምታውቅ ከላዩ ጎንበስ ብላ፣ አይኑን እያየች፣ አንድ እጇን ከጀርባው ስር አድርጋ፣ በከንፈሯ «ጣራውን እይ፣ ሆድህን ወደ ላይ» ትለዋለች፣ ልጁም ቀስ እያለ ትከሻው ይላላል፣ እጁ ይዘረጋል፣ እሷም እጇን በጣም በዝግታ ማውጣት ትጀምራለች። ልክ በዚህች ሰአት ነው የኛ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ «እግርህንንን! እግርህን ምታ እንጂ!» የሚለው። ልጁ የአባቱ ድምፅ መሆኑን ይለያል ምን እንደተባለ ግን አልሰማም፣ ለመስማት ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ያነሳትና ቁልቁል ይገባል፣ ውሃ በአፍንጫው ይሄዳል፣ ያስላል፣ ያለቅሳል፣ አሰልጣኟን አንገቷ ላይ ይጠመጠምባታል። ሰውን ሳይነኩ በድምፅ ብቻ ማስጠም! ይሄ ተሰጥኦ እንጂ በትምህርት የሚገኝ አይደለም። ከዛ ፎጣውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ወደ አጠገቡ ሰው ዞሮ «አየህ፣ እስካሁን ምንም አላስተማሩትም» ይላል፣ ሳያፍር፣ እኔም ይሄን ድፍረት ለራሴ ብመኝ አይፈረድብኝም።

ደሞ አንድ አባት ብቻ ቢሆን ጥሩ። አምስት ወላጅ በአምስት አቅጣጫ አምስት አይነት ትእዛዝ ሲያወርድ ገንዳው ጨረታ ነው የሚመስለው፣ አሰልጣኟ «እባካችሁ ልጆቹ እኔን ብቻ ይስሙ» ስትል ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዳንድ ቦታ ወላጅ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ እንዲያይ የሚያደርጉ አሉ አሉ። ጭካኔ ነው፣ ሰው ሃሳቡን በነፃነት እንዳይገልፅ መከልከል ማለት እኮ ነው።

ስለ ንፅህናም ሁለት ቃል ልበል። «ገንዳ ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ውሰዱ» የሚለውን ማስታወቂያ አንብቦ «ልንገባ አይደል እንዴ፣ እዛው ይታጠባል» የሚል ወላጅ ኢኮኖሚስት ነው። ትንሽ ቆይቶ ደሞ አፍንጫውን ይዞ «ክሎሪኑ በዛ!» ብሎ የሚያማርረው እሱው ነው። ያ አይን የሚያቃጥለው ሽታ ክሎሪን ስለበዛ የሚመጣ አይደለም፣ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ክሎራሚን የሚባለው ነው፣ በሌላ አነጋገር የተማረረው በገዛ ቤተሰቡ መዋጮ ነው ማለት ነው። ልጁ ተቅማጥ ይዞትም ቢሆን ይመጣል፣ የተከፈለበት ክፍል አያልፍማ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተቅማጥ አምጪ ተውሳክ በደንብ ክሎሪን በተደረገ ውሃ ውስጥ ራሱ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል፣ እንግዲህ የማካፈል ባህል ማለት እንዲህ ነው።

ቀሪውን በፍጥነት ልለፈው። ሶስት ክፍል ቀርቶ አራተኛው ላይ መጥቶ «ለምንድነው ሌቭል ያላለፈው?» የሚለውን፣ የጎረቤቱን ልጅ ስም እየጠራ «እሷ እኮ ካንተ ታንሳለች» የሚለውን፣ ክፍሉ ሲያልቅ ልጁ በደስታ «ዛሬ አስር ቁጠሩ ብላን ተንሳፈፍኩ!» ሲለው «አልቀረፅኩትም፣ ተመለስና ድገመው» የሚለውን፣ ሁሉንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ሰርተፍኬቱ የመጣ ቀን ግን ቆም ብለን ልንጨበጭብ ይገባል፣ ምክንያቱም የጉዞው ሁሉ አላማ ያች ቀን ናት። ከዛች ቀን በኋላ ወላጅ ነፃ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ «15 ሜትር ዋኝቷል» ይላል እንበል፣ የኛ ሰው የሚያነበው ግን «ከእንግዲህ አትየው» የሚለውን ነው፣ የት ጋ እንደተፃፈ እግዜር ይወቅ። ልጁን ሰው የሞላበት ገንዳ ውስጥ ይለቀውና ጥላ ስር ጋደም ብሎ ስልኩን ያወጣል፣ «ምን ይሆናል፣ ቢቸግረው ይጮሃል» ይላል።

አይ፣ አይጮህም። ፍራንቸስኮ ፒያ የሚባል የላይፍጋርድ ባለሙያ የሚሰጥም ሰው ምን እንደሚያደርግ ተከታትሎ የገለፀው ነገር አለ፣ ሰውየው አይጮህም፣ እጅ አያውለበልብም። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የምትልባት ቅፅበት አየር ለማስገባት እንኳ አትበቃ፣ ለመጮህማ ከየት አምጥቶ፣ እጆቹ በደመነፍስ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ ገላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ላዩ ላይ የሚቆየውም ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ከሩቅ ላየው ሰው፣ ልጅ ቆሞ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ላይክ ተደርጎ፣ ኮሜንት ተመልሶ፣ አንድ አጭር ቪዲዮ ታይቶ የሚያልቅባት ግዜ ማለት ነች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል፣ ከአራቱ አንድ የሚጠጋው ከ5 አመት በታች ህፃን ነው። ቅድም ያነሳናቸው ሃኪሞችም ለህፃንና ዋና በደንብ ላልቻለ ልጅ አዋቂው ውሃው ውስጥ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት ላይ ይሁን ይላሉ። እጅ ግን ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ስልክ ይዘዋል፣ ከየት ይምጣ?

በ2018 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ ህፃናት «ከኛ ጋር ተጫወቱ፣ ከስልካችሁ ጋር አይደለም» ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር፣ ያስተባበረው የ7 አመት ልጅ ነው። ወላጆቻቸው ሰልፉን በስልካቸው ሳይቀርፁት የቀሩ አይመስለኝም።

ባለፈው ታዲያ ከነዚህ ጀግኖች አንዱ፣ ያ የበተርፍላዩ፣ ለአሰልጣኟ ክንዱን እያወናጨፈ ልጁ እንዴት መዋኘት እንዳለበት እያስረዳት ነበር፣ እሷም በትእግስት ጨርሳ ሰምታው «እርስዎስ ይዋኛሉ?» አለችው።

«እኔ እንኳ… ውሃ ፊቴን ሲነካኝ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

«ችግር የለም፣ የአዋቂዎች ክፍል አለን። ከአረፋ ነው የምንጀምረው።»

ዙሪያውን ቃኘት አደረገ። ወላጆቹ ሁሉ ስልካቸውን እንደያዙ ናቸው። ከዛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቅረፅ ግን ክልክል ነው አይደል?» አላት።