«አንድ ብቻ ነው የሞተው» አትበሉኝ

ግራንድ ናሽናል የተባለው የእንግሊዝ የፈረስ ዝላይ ውድድር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር እሰማለሁ። ውድድሩ በሚካሄድበት በኤይንትሪ ሜዳ የሚሮጡት ፈረሶች ጣሪያ ከ40 ወደ 34 መቀነሱ ያናደዳቸው ሰዎች አሁንም አልበረደላቸውም። ውድድሩ ለሰለሰ፣ ለዛው ጠፋ፣ የድሮዎቹ ናቸው ወንዶች ይላሉ። ይሄን እንኳ እችለዋለሁ። የማልችለው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፦ በዚህ ሁሉ ዘመን ውድድሩ ላይ የሞተው ጋላቢ አንድ ብቻ ነው፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምንድነው?

አንድ ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ለንደን ቡና ይዘን ተቀምጠን አንድ ወዳጄም ይህንኑ አለኝ። የዚህ የአንዱን ሰው ስም ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። አያውቅም። ቁጥሩን ግን በቃሉ ይዞታል።

ስሙ ጆሴፍ ዊን ነው። አየርላንዳዊ ነው፣ ዕድሜው ወደ 20 ገደማ። አባቱ ዴኒ ዊን እ.ኤ.አ. በ1847 ማቲው የተባለውን ፈረስ ጋልቦ ይህንኑ ውድድር አሸንፏል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ ልጁ ኦኮኔል የሚባል ፈረስ ይዞ ኤይንትሪ መጣ። በዚያው ቀን የእህቱን መርዶ ሰምቶ ነበር፣ ይቅርብህ ሲሉትም እምቢ ብሎ ነው የወጣው ይባላል። ከዚያ አንድ ፈረስ ተደናቅፎ ወደቀ፣ ትርምስ ሆነ፣ ኦኮኔልም ወደቀ። ልጁ መሬት ላይ እንዳለ ደግሞ ፕሌይማን የተባለው ፈረስ ከላዩ ወደቀበት።

የውድድር ፈረስ 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ያውም ዝም ብሎ የተጫነ ሳይሆን በሩጫ መጥቶ ደረት ላይ የሚወድቅ። ጆሴፍ ያን ቀን ማታውን አላደረም። የጋላቢነት ዘመኑ ይኸው ነው። አባቱ ያሸነፈበት ሜዳ ላይ አለቀ።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ቆጠራው ራሱ ነው። እዚህ ቆጠራ ውስጥ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ አስቡት። ያው አንድ ውድድር ላይ፣ ያችው አንድ ቀን መውደቅ አለብህ። በማግስቱ ከወደቅክ አትቆጠርም። ሌላ ከተማ ከወደቅክ አትቆጠርም። ወገብህ ተሰብሮ ቀሪ ዕድሜህን አልጋ ላይ ብታሳልፍማ ጭራሽ ማንም አያነሳህም።

ጆርጅ ኢድን ውሰዱ። ሚስተር ኤድዋርድስ በሚል ስም ነበር የሚጋልበው። የሃምፕሻየር ክሪኬት ክለብን ከመሠረቱት አንዱ ነው። በ1868 ዘ ላምብ በተባለ ትንሽ ግራጫ ፈረስ ግራንድ ናሽናልን አሸነፈ። በ1870 እዚያው ኤይንትሪ፣ ከግራንድ ናሽናል ማግስት፣ ቺፕንሃም የተባለ ፈረስ ጣለው፣ በዚያው ሰበብ ሞተ። ያው ቦታ፣ ያው ሰሞን፣ የውድድሩ ስም ብቻ ሌላ ነው። ስለዚህ አልተቆጠረም! እንዴት ያለ ሒሳብ ነው ይሄ?

ካፒቴን ቤኔትም አለ። በ1923 ሰርጀንት መርፊ በሚባለው ፈረስ አሸንፎ አገር ያጨበጨበለት ሰው ነው። ዓመቱ ሳይሞላ፣ በዚያው ታኅሣሥ፣ ዎልቨርሃምፕተን ላይ ወደቀ፣ ፈረስ ጭንቅላቱን ረገጠው፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እሱም በ«አንድ ብቻ» ውስጥ የለም። የዝላይ ጋላቢዎች ሄልሜት እንዲያደርጉ የተገደዱት ግን ከእሱ ሞት በኋላ ነው። ያኔም ሳይለሰልስ አልቀረም ያለ ሰው ይኖር ይሆናል። ዛሬ ሄልሜቱ ይውለቅ ብሎ የሚከራከር አንድ ሰው አምጡልኝ።

ሁሉም የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። በየካቲት 2025 አየርላንድ ውስጥ፣ ተርልስ ላይ፣ ማይክል ኦሱሊቫን ወድቆ ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ቼልተንሃም በሚባለው ትልቅ የዝላይ ውድድር ላይ አሸንፎ ነበር። እሱም አይቆጠርም፣ ኤይንትሪ አልነበረማ። የሞተ ተጎዳ ብለው አልፈው፣ መልሰው «አንድ ብቻ» ይሉናል።

ፈልገው ነው የገቡት የሚለውም አይገባኝም። ጆሴፍ መጋለብን መርጦ ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰው ፈረስ ደረቱ ላይ እንዲወድቅ ግን አልመረጠም። ከፊትህ ያለው ሲወድቅ የአንተ ጉብዝና ምን ይፈይዳል? ልጓም ብታጠብቅ፣ እርካብ ላይ ብትቆም፣ ማምለጫ ቦታ ከሌለህ የለህም። ፈረስ መቀነስ ማለት ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን ይችን ማምለጫ መስጠት ነው።

በ1862 የሮጡት እኮ 13 ፈረሶች ብቻ ናቸው ብላችሁ ትመጡብኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ 13 ነበሩ። እኔ ግን ከዚህ የማየው ሌላ ነው። በ13 ሰው ከተደፈጠጠ በ40 ምን ሊሆን ነው? ቁጥሩ በተቀነሰበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2024፣ 32 ፈረሶች ሮጠው አንድም ፈረስ አልወደቀም። በ30 ዝላይ፣ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት! በ2025 ሴሌብር ዳለን የተባለው የ13 ዓመት ፈረስ ከውድድሩ በኋላ ሞተ፣ ይህን አልክድም። እሱ ግን ገና ብዙ ይቀረናል የሚያሰኝ ነው እንጂ ወደ 40 እንመለስ የሚያሰኝ አይደለም።

በዚያው በ2025 ፓትሪክ ማሊንስ አባቱ ያሠለጠነውን ፈረስ ጋልቦ ሲያሸንፍ አይታችኋል። አባትየው ዊሊ ማሊንስ መናገር አቅቶት አለቀሰ። እኔ ያን ሳይ ወዲያው የመጣብኝ ዴኒ ዊን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1839 ካፒቴን ቤቸር እዚሁ ሜዳ ላይ ከፈረሱ ወድቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ረጥቦ፣ ጨቅይቶ፣ በሕይወት ወጣ። ያ ቦታ እስከ ዛሬ የቤቸር ወንዝ እየተባለ ይጠራል፣ በዓመት አንዴ ብቻ ፈረስ የሚያይ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። በጆሴፍ ዊን ስም የሚጠራ አጥር ግን የለም። እሱን ሲያነሱት «አንድ» ነው የሚሉት።