ለክሮም አንድ ቃል፣ ለኦፔራ ሚኒ ሌላ ቃል

ደብረ ማርቆስ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት በምሰጥባት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ከመብራት መጥፋትና ከኔትወርክ መቆራረጥ ቀጥሎ አንጀቴን የሚያሳርረው ነገር ቢኖር፣ የጎብኚውን ብሮውዘር (እንደ ክሮምና ኦፔራ ሚኒ ያለውን የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) ስም አይቶ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ መልእክት የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። ስለ መብራቱ ሁሉም ያማርራል፤ ስለዚህኛው ግን ሲነገር አልሰማሁምና እኔ ልናገር።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ከማቻከል ከልጃቸው ጋር የመጡ አንድ አባት ይህንኑ ምዝገባ ይዘው ገቡ። ልጅቱ ቀደም ብላ በስልኳ፣ በኦፔራ ሚኒ ስትከፍተው «ይህ አገልግሎት ለእርስዎ አይገኝም» ብሏታል። አባትዬው ይህን የተረዱት ልጃቸው መሥፈርቱን እንዳላሟላች አድርገው ነበርና «ልጄ፣ ውጤቷ እኮ ይበቃል፤ ምን ጎደላት ብለው ነው?» አሉኝ። ያንኑ አድራሻ በእኔ ኮምፒውተር በክሮም ስከፍተው፣ «ብሮውዘርዎ ያረጀ ስለሆነ ወደ አዲሱ ስሪት ያሻሽሉ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖት መጣ። በፋየርፎክስ ስሞክረው ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ በክብር ከተቀበለኝ በኋላ፣ መመዝገቢያውን ቁልፍ ከቦታው አጠፋው።

አሻሽሉ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። የእኔ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ሲሆን፣ ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻው ክሮም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የወጣው 109ኛው ስሪት ነው። ስለዚህ «ክሮምዎን ያሻሽሉ» የሚለው ትእዛዝ ሲተረጎም፣ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ቀይር፣ ለዚያም ራም ጨምር፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን ከነአካቴው ጣለው ማለት ነው። ኦፔራ ሚኒም ቢሆን በሞኝነት የተመረጠ አይደለም። ገጹን በራሱ ሰርቨር (በኩባንያው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ከፍቶና አሳንሶ ለስልኩ ስለሚልክ፣ በብር የገዙት ዳታ ቶሎ እንዳያልቅ የሚሹ ሰዎች መሸሸጊያ ነው።

ለመሆኑ ድረ ገጹ የያዝነውን በምን ያውቃል? ብሮውዘር አንድን ገጽ በጠየቀ ቁጥር «ዩዘር ኤጀንት» የሚባል ማንነቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ጽሑፍ አብሮ ይልካል፤ ድረ ገጹም ያንን አንብቦ ይፈርዳል። ይህ መስመር ደግሞ ከጥንቱ በውሸት የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በፍሬም የተከፋፈሉ ገጾች «ሞዚላ» ብሎ ራሱን ለሚጠራው ለኔትስኬፕ ብሮውዘር ብቻ ይላኩ ስለነበር፣ ፍሬም ማሳየት የሚችለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እንዳይቀርበት «እኔም ሞዚላ ነኝ» ማለት ጀመረ። ዛሬ ክሮም የሚልከው መስመር ሞዚላን፣ አፕል ዌብኪትን፣ ጌኮንና ሳፋሪን ሁሉ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦፔራ 10ኛ ስሪቱን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ድረ ገጾች አሥሩን አንድ ብለው አንብበው ስላስቸገሩት፣ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ 9.80 ብሎ ለመጻፍ ተገድዷል። ቪቫልዲ የተባለው ብሮውዘርም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ፣ ድረ ገጾች በስሙ ብቻ እየከለከሉት ስለተቸገረ ራሱን ክሮም አስመስሎ መቅረብን መርጧል።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በፋየርፎክሱ ላይ ዩዘር ኤጀንት የሚለውጥ ኤክስቴንሽን (በብሮውዘር ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) ጫንሁና «አዲሱ ክሮም ነኝ» እንዲል አደረግሁት። ኮምፒውተሩ ያው፣ ፋየርፎክሱም ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። የጠፋው ቁልፍ ተመልሶ መጣ፤ የልጅቱን ስም ከነአያቷ፣ የትውልድ ዘመኗንና ስልክ ቁጥሯን ሞልተን ላክን፤ ተቀበለ። እንግዲህ አይችልም የተባለው ምኑ ነበር? ቅጽ ሞልቶ መላክ እኮ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል 2.0 ውስጥ የተደነገገ ነገር ነው። ብቸና ገበያ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው እንኳ ከማዳበሪያው ዘግኖ፣ በመዳፉ ዘርግቶ አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው እንጂ፣ የሻጩን ስም ጠይቆ ብቻ ጤፉን አይመልስም።

ዘግኖ ማየት በዚህም ሙያ የታወቀ አሠራር ነው። ገጹ የሚያስፈልገውን አንድ ተግባር ብሮውዘሩ ይችል እንደሆነ በኮድ ይፈትሻል፤ ከቻለ ይቀጥላል፣ ካልቻለም ቀለል ያለውን ገጽ ይሰጣል። ለገጽ ውበት እንኳ የገጽ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ ሲኤስኤስ ራሱ ይህን መጠየቂያ ትእዛዝ አለው። «ለደኅንነት ስንል ነው» የሚሉም አይጠፉም። አሮጌ ብሮውዘር አደጋ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ብሮውዘሩ ሰርቨሩ የሚፈልገውን የምስጠራ ዘዴ የማያውቅ ከሆነ ግንኙነቱ ከመነሻው አይመሠረትም፣ «ያሻሽሉ» የሚለው ሰሌዳም አይታይም። ሰሌዳውን ካነበብሁት ምስጠራው ሠርቷል ማለት ነው።

መልእክት ማሳየት የግድ ከሆነም እውነቱን ይናገር። «አይገኝም» ከማለት ይልቅ «ይህ ገጽ በዚህ ብሮውዘር አልተሞከረም፤ ችግር ሊገጥምዎ ይችላል» ቢል፣ ከሥሩም «ለማንኛውም ቀጥል» የሚል ቁልፍ፣ የሚደወልበት ስልክ ቁጥርና የምዝገባው ማብቂያ ቀን ቢያስቀምጥ፣ እኒያ አባት የልጃቸው ውጤት ያነሰ መስሏቸው ባልተሳቀቁ ነበር።

የገጹ ባለቤቶች ይህን ቢያነቡ «የእኛ ተጠቃሚዎች መዝገብ እንደሚያሳየው አሮጌ ብሮውዘር የሚጠቀም ሰው የለም» እንደሚሉ ይሰማኛል። በስልኩ ተከልክሎ የተመለሰው ሰው በተመዝጋቢነት አይቆጠርላቸውም። ከእኔ ቤት የሚመዘገበው ደግሞ፣ ያን ኤክስቴንሽን ከዚያ ወዲህ ስላላጠፋሁት፣ ሁሉም በአዲሱ ክሮም እንደመጣ ተደርጎ እየተጻፈላቸው ነው።