ጎማ ያለው ጡረታ

ጅማ ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ ካለ ጅማን አያውቃትም። 60 ዓመት ሞልቶት መሥሪያ ቤቱ በኬክና በጋቢ በሸኘው ማግስት ሰውየው የሕዝብ ንብረት ይሆናል። እድሩ ንብረት ክፍል ያደርገዋል። ባልና ሚስት ከተጣሉ ሽማግሌ ሁን ይባላል። የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲባል እንኳ "እሳቸው ምን ሥራ አላቸው" ተብሎ የሚላከው እሱ ነው። ሥራ ላይ እያለ ቢያንስ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ማለት ይችል ነበር። ጡረተኛ የምን ስብሰባ አለው?

ጎረቤቴ ጋሼ ይህ ነገር ቀድሞ ገብቷቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ግማሹን ዕድሜያቸውን ያደሩት ካምፕ ውስጥ ነው። "ጡረታ ስወጣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ቤቴን ጎትቼ እሄዳለሁ" ሲሉ እኛ ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር። ጡረታ በወጡበት ሰሞን አንድ የመንገድ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ያረጁ ዕቃዎቹን በጨረታ አወጣ። ሰው ሁሉ ጀነሬተርና ቆርቆሮ ሲከብብ ጋሼ ጥግ ላይ ሣር የበቀለበትን ካራቫን ዞረው ዞረው አዩት። ሌላ ተጫራች አልነበረም። አልጋ አለው፣ ታጣፊ ጠረጴዛ አለው፣ ባለሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ አለው፣ አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚገባበት መጸዳጃም አለው።

እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ውስጡን አንዴ ቃኝተው ወጡና "ቤት እያለን ቤት?" አሉ። ቀጠል አድርገውም "ደግሞ መሶቤ በበሩ አይገባም" ብለው ፋይሉን ዘጉት።

ጋሼ ግን መልስ አያጡም። የመጀመሪያው ቀን ቡና ላይ ታሪክ መዘዙ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ ሲዞሩ አልነበረም? እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ አሜሪካኖች፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ ኤርስትሪም የሚባለውን የሚያብረቀርቅ ካራቫን እየጎተቱ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሱ። 41 ካራቫን! በእኛ አገር አልፈው፣ አዲስ አበባ ላይ ጃንሆይ ዘንድ ቀርበው፣ ካይሮ ገቡ። "እነሱ በዚያ ጭቃ ካለፉ እኔ ጅማና ላንጋኖ ያቅተኛል?" አሉ ጋሼ። እትዬ ሁለተኛውን እየቀዱ "ነገሥታቱ ድንኳን የሚሸከምላቸው ሰው ነበራቸው" አሉ። ፍርድ ስጥ ብባል ለእትዬ እፈርድ ነበር። ሲኒው ከእጄ ስላልወጣ ዝም አልኩ።

ካራቫኑ ግቢ የገባበት ቀን የሰፈሩ በዓል ነበር። ወደፊት ሲጎትቱት ገራም ነው። ወደኋላ ነው ጉዱ። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። ዘዴው መሪውን ከታች በኩል መያዝ ነው፤ ከዚያ የካራቫኑ ቂጥ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት እጅህን ትገፋለህ። በጣም በቀስታ። ጋሼ ይህን ያውቃሉ። የሰፈሩ ሰው ግን የሚያውቀው "ና! ና! ና!" ማለትን ነው። ሦስት ባጃጅ ነጂዎች፣ አንድ ዘበኛ፣ ቆሎ ሻጯና ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች በአንድ ጊዜ አስተናባሪ ሆኑ። አንዱ "ሙሉ ግራ ስበር!" ይላል። ሌላው "ኧረ ቀኝ ነው!" ይላል። ዘበኛው የካራቫኑን ጎን በመዳፉ እየደበደበ "አለህ፣ አለህ፣ ገና አለህ" ሲል አጥሩ ተገነደሰ። አጥሩ የእኔ ነው። ከአቧራው ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ "እኔ ነግሬያቸው ነበር" አሉ።

የታርጋውን ነገር አላራዝመውም። አንዱ ቢሮ ቤት ነው አለ። ሌላው ተሽከርካሪ ነው አለ። ቤት ነው ያለው የቤት ቁጥር ጠየቀ፤ ተሽከርካሪ ነው ያለው የሞተር ቁጥር ጠየቀ። ሞተር የለውም ሲባል "እንግዲያው አምጥተው ያስመርምሩት" ተባለ። ያለ ታርጋ እንዴት እንደሚመጣ የነገራቸው የለም። የሆነ ሆኖ አንድ ቀን ታርጋው ተገኘ።

ጎማው ግን ሊወራለት ይገባል። ጎሚስታው በቡጢ መታ አድርጎ "አዲስ ነው ጋሼ፣ ጥርሱን አያዩትም?" አለ። እውነትም ጥርሱ አላለቀም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ተንበረከኩና ከጎማው ጎን የተቀረጸ አራት አሃዝ አሳዩን። 2308። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ።

"2008 ነዋ!" አለ ጎሚስታው፣ "አላልኩዎትም? ያን ያህል አላረጀም።"

"የፈረንጅ 2008 ነው፣ ልጄ።"

"በምን አወቁ?"

እውነት ለመናገር ጎማው ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ነገር የለም። ነገር ግን ጎማ የሚሠራ ፋብሪካ የእኛን ጳጉሜን አይቆጥርም። በእኛ ሲሰላ 2000 መሆኑ ነው። አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲያከብር የተሠራ ጎማ! ካራቫን ጎማው በመንገድ አያልቅም፤ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ፀሐይና ዕድሜ ጎኑን ይሰነጥቁታል፣ ከዚያ ጭነት ሲበዛበትና አስፋልቱ ሲግል ይፈነዳል። ጋሼ አዲስ አስገቡ። ጎሚስታው አሮጌዎቹን ወሰዳቸው። ማንኛውን 2008 ብሎ እንደሸጣቸው እሱ ያውቃል።

ከዚያ ጭነት መጣ። ጋሼ ስሌቱን እትዬን አስቀምጠው አስረዱ። ካራቫኑ ከነዕቃው 1,200 ኪሎ ቢሆን ከዚያ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶው መኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት። ከ120 እስከ 180 ኪሎ ማለት ነው። ከባድ ዕቃ ወደ ጎማው ጠጋ፣ ከጎማውም ትንሽ ወደፊት። ከኋላ ከከበደ ተሳቢው መኪናውን ይነዳዋል። እትዬ በትዕግስት ሰሙ። የካራቫኑ በር ከኋላ በኩል ነው። እሳቸውም ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ሙቀጫውን፣ የማሩን ጀሪካን፣ ረከቦቱን እዚያው በሩ ሥር ደረደሩት። "ላንጋኖ ለማን ልትደግሺ ነው?" ቢሏቸው "እንግዳ ቢመጣስ?" አሉ። ላንጋኖ የሚያውቁት አንድም ሰው የለም።

የጉዞው ዕለት ገና ሳይነጋ ደጃፉ ሞላ። "ባዶውን ከሚሄድ" እያለ ሁሉም የሚልከው አለው። ለአሰንዳቦ እህቴ፣ ለሰርቦ አማቴ፣ ለወልቂጤ ልጄ። ዕቃ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን፣ ሁለት ዶሮና ራሳቸውን ይዘው "ሰርቦ ላይ ብቻ ጣሉን" አሉ። ጋሼ የሚጎተት ካራቫን ውስጥ ሰው እንደማይሳፈር፣ ጋንቾው ቢለቅ ሁለቱ ሰንሰለቶች ከሥሩ ተጣምረው የሚይዙት ለአፍታ እስኪቆም እንጂ ለመጓጓዣ እንዳልሆነ አስረዱ። "አልጋ እያለው?" አሉ እናትየዋ። ቅር ተሰኝተው ሄዱ። እኔ ክሪክ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ተብዬ ጋቢና ተቀመጥኩ። ስለ አጥሬ የተከፈለኝ ካሳ ይህ መሆኑ ነው።

ሰርቦ ሳንደርስ ካራቫኑ ጅራቱን መቁላት ጀመረ። በግራ ስፖኪዮ ብቅ፣ በቀኝ ስፖኪዮ ብቅ። እኔ "ፍሬን!" ብዬ ጮህኩ። ደግነቱ የሰማኝ የለም። እንዲህ ሲሆን ፍሬን የረገጠ አለቀለት፤ ካራቫኑ ገፍቶ መኪናውን ያጥፈዋል። ጋሼ መሪውን ቀጥ አድርገው ነዳጁን ብቻ ለቀቁ። ፍጥነቱ ረገበ፣ ካራቫኑም አደብ ገዛ። ዳር ይዘን ጤፉንና ሙቀጫውን ወደፊት አጓጓዝን። እትዬ ከመኪናው ሳይወርዱ "ማሩን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት" አሉ።

አሰንዳቦ ላይ ደግሞ ቡና። ካራቫን ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም፤ የተዘጋ ቤትና ከሰል ስንቱን በእንቅልፉ ወስደዋል። በጋዙ ላይ ይፈላ ቢባል እትዬ "የጋዝ ቡና ለታመመ ሰው ነው" አሉ። ስለዚህ ረከቦቱ ወርዶ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ አስፋልት ዳር ተፈላ። ዕጣን የሸተተው ሁሉ መጣ። ከመጡት አንዱ ከኬላው ነበር።

"ምንድን ነው የጫናችሁት?"

"ቤት" አሉ ጋሼ።

በዚህ መንገድ ከጅማ የሚወጣ ጭነት ሁሉ ቡና ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሰውየው ገባ። ፍራሹን አነሳ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ መጸዳጃውን ከፍቶ ዘጋ። ያገኘው አንድ ፌስታል የቤት ቡና ነው። "ይኸውና ቡና" አለ። እትዬ "ቁጭ በል፣ ከእሱው ነው" አሉት። አቦል ጠጣ፣ ቶና ጠጣ፣ በረካውን ከጠጣ በኋላ ስለ ጡረታው ሕግ ጋሼን ያማክር ጀመር። ጊቤን በቀን ብርሃን እናልፋለን የተባለው እዚያው ቀረ።

ሰኮሩ አካባቢ መሸ። ጋሼ ሜዳ መረጡ። ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ፣ ውሃ ልካቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ካራቫኑን ቀጥ እስኪል በክሪክ አስተካከሉ። የቀያሽ ነገር! አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም ፊታቸው ላይ የታየውን ደስታ በሽኝታቸው ቀን እንኳ አላየሁትም። ስልካቸውን አጠፉ። "በቃ" አሉ፣ "ማንንም አላስቸገርን፣ ማንም አያስቸግረን።"

ባትሪ የያዙ አዛውንት ብቅ አሉ። የመሬቱ ባለቤት ናቸው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ጤናው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ከዚያ ካራቫኑን አበሩበትና "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ። ቤት ነው፣ የምናድረው እዚሁ ነው ተባሉ። አዛውንቱ ተቆጡ። ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ሳጥን ውስጥ ያድራል? አገሬው ምን ይለኛል? ጋሼ አልጋ እንዳለው፣ ውሃ እንዳለው፣ ምንም እንደማያስፈልገን ቢያስረዱ ባሰባቸው። ቤት ያለው ሰው ቤቴን ናቀ ማለት ሆነ። ምርጫ አልነበረንም። እነሱ ቤት ገባን፣ እግራችንን ታጠብን፣ ወተት ጠጣን፣ መደብ ላይ ተኛን። የአዛውንቱ የልጅ ልጆች ግን ካራቫን ውስጥ ነው ያደሩት። እስከ እኩለ ሌሊት የመጸዳጃው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማ ነበር።

ጠዋት የእትዬ ስልክ ጮኸ። እሳቸው ስልክ አጥፉ ያላቸው አልነበረም። ጅማ ሰፈራችን ለቅሶ ሆኗል። አንዲት በዕድሜ የጠገቡ እናት አርፈዋል። ጋሼ "እግዚአብሔር ያጥናቸው፣ ስንመለስ እንደርሳለን" ሊሉ ነበር። ከስልኩ ወዲያ ማዶ የእድሩ ሊቀመንበር "ኀዘኑስ ይሁን፣ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አሉ። ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱ።

ላንጋኖ እዚያው ላንጋኖ ቀረ። ቁልፉን ይዘን፣ ካራቫኑን ጎትተን፣ በሰርቦ በኩል ተመለስን። ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ወደኋላ ማስገባት አላስፈለገም፤ እዚያው መንገድ ዳር ተፈታ። ከአጋሮ የመጡ ሁለት አዛውንት ለቀስተኞች ተኙበት። በሁለተኛው ቀን የእትዬ ጤፍ ተጋገረ። በሦስተኛው ማሩ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሰልስት ወጥቶ ድንኳኑ ሲነሳ ካራቫኑ አልተነሳም፤ "ለአርባው እዚሁ ይቆይ" ተባለ።

በወሩ መጨረሻ እድሩ ተሰበሰበ። አጀንዳው ወንበር መግዛት ነበር። በየመሃሉ ካራቫኑ ገባ። አንዱ ለአባላት በነፃ ይሁን አለ። ሌላው ጎማ ያልቃልና መጠነኛ ኪራይ ይከፈል አለ። ሦስተኛው የእድሩ ስም ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ አለ፤ ይህ በጭብጨባ አለፈ። ጸሐፊው መዝገብ ከፍቶ መስመር አሰመረ። ካራቫኑ የእኔ ነው የሚል ሐሳብ ከጋሼ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ዞሮ እያየ እንዴት ብሎ ይናገራል? እጃቸውን አወጡ።

"እኔ ላንጋኖ መሄድ ብፈልግስ?"

ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው መዝገቡን ተቀብለው በጣታቸው ወደታች ወረዱ።

"መቼም አባል ነዎት፣ ጋሼ። ይመዝገቡ። ብቻ እስከ ፆሙ መግቢያ ሠርግ ይዞታል።"