ለክቡር አቶ ውዝዋዜ፣ ከተሳቢው ጭራ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አውራ ጎዳና ላይ ተሳቢ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ያለ ፈቃድ እስክስታ መምታትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ትምህርት ቤት ተዘግቶ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ የሚፈልሰው ወገናችን ተሳቢ ተከራይቶ በቤት መኪናው ሲያስር፣ እርስዎም ጓዝዎን ሸክፈው እንደሚነሡ ይታወቃል። መንገዱ ከ1,300 ማይል በላይ ነው። እርስዎ ግን ብዙ አይደክሙም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንተርስቴት 81 ላይ፣ ቁልቁለቱና የጭነት መኪናው የበዛበት ቦታ ሲደርሱ መድረኩን ይይዛሉ።

አንድ ነገር ግን አይካድዎትም፦ ሳይጠሩ አይመጡም። የጠራዎት ሰው ነው ጥፋቱን በነፋስና በጎኑ ባለፈው ትራክ የሚያላክከው። ነፋሱና ትራኩ ገፋ ከማድረግ ያለፈ ሥራ የላቸውም። ጥሪው የተላለፈው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ፍሪጁ የት ይቀመጥ ሲባል ነው።

የትስ ተቀመጠ? ተሳቢው በር ሥር፣ ጎማዎቹን ከያዘው ብረት፣ ከአክስሉ ኋላ። ሲደርሱ ቶሎ እንዲወርድ። የመጻሕፍቱ ካርቶን ተከተለው፤ ከፊት ያለው ሰፊ ቦታ ለፍራሽና ለትራስ ተለቀቀ። ኋላው ሲከብድ የተሳቢው መጎተቻ ዘንግ ወደ ላይ ይነሣል፣ የመኪናዋንም ኋላ ይዞ ይነሣል፤ የኋላ ጎማዎቿ አስፋልቱን በደንብ መያዝ ያቅታቸዋል። በዝግታ ሲሄዱ እርስዎ ብቅ ቢሉም ወዲያው ይጠፋሉ። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀደመው እየባሰ ይሄዳል።

እንዳይቀየሙን እንጂ፣ እርስዎን ከቤት የሚያስቀር ቁጥር አለ። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ሂቹ ላይ፣ ማለትም ተሳቢው የሚታሰርበት የመኪናዋ ኋላ ብረት ላይ፣ ማረፍ አለበት። ከነጭነቱ 1,500 ፓውንድ ለሆነ ተሳቢ ከ150 እስከ 225 ፓውንድ ማለት ነው። ለትንንሽ መኪኖች የሚገጠመው ክላስ 1 ሂች አብዛኛውን ጊዜ ጣራው 200 ስለሆነ፣ ከ150 እስከ 200 ባለው ውስጥ መገኘት ነው። ለዚህም ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ፊት ይሁን። መለኪያ ከየትም አይፈለግም፤ መታጠቢያ ቤት ያለው የሰው ሚዛን ይበቃል። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፣ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸው፣ ሚዛኑ ላይ ጣውላ አቁሞ የዘንጉን ጫፍ በሂቹ ከፍታ ልክ ማሳረፍ ነው። ከ150 ካነሰ ጎረቤት ተጠርቶ ፍሪጁ ወደ ፊት ይገፋል። ማታ ደክሟችሁ ከሆነም ይገፋል።

መኪናዋም የራሷ ቃል አላት። የአንዳንዷ መመሪያ መጽሐፍ 1,000 ፓውንድ ይላል፤ የአንዳንዷ ጭራሽ አይጎተትባትም ይላል። «ሂች እስከተገጠመላት ድረስ ትጎትታለች» የሚለው የእርስዎ ደጋፊ፣ ሂቹን የገጠመው ሰው ፍሬኑንም ካምቢዮውንም እንዳልነካ ይዘነጋል። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው የሰውና የዕቃ ልክም አለ፤ ሂቹ ላይ ያረፈው ክብደት ከእሱ ይቀነሳል። አራት ሰው፣ ሻንጣና የእንጀራ ምጣድ ከተሳፈሩ የቀረውን እርስዎው ያስሉት።

ስለ ወዳጆችዎም ትንሽ እንበል። ሂቹ ላይ ያለው ኳስ 1 ከ7/8 ኢንች፣ የተሳቢው መቆለፊያ ባለ 2 ኢንች ሲሆን «ቀጭ» ብሎ ይዘጋና ሰላም ይመስላል፤ የድልድይ መገጣጠሚያ ላይ ሲነጥር ይወልቃል። ከቆለፉ በኋላ ዘንጉን በክሪኩ ከፍ ማድረግ ያጋልጠዋል፤ የመኪናዋ ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። ሰንሰለቶቹ ከዘንጉ ሥር ይመሳቀሉ፤ ቢወልቅ መሬት ከመተከል እነሱ ላይ ያርፋል። የግራው ፍሬቻ ሲበራ የቀኙም አብሮ ብልጭ ካለ አምፖል አይቀየር፤ ነጩ ሽቦ፣ ማሳው (ግራውንዱ)፣ ዝጎ ይሆናል። የጎማ ነፋስ ሳይሞቅ፣ ተሳቢው ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላ። ካሊፎርኒያማ ተሳቢ ለሚጎትት ሁሉ የፍጥነቱ ጣራ በሰዓት 55 ማይል ብላ ገላግላናለች።

አሁን ወደ ዋናው ደስታዎ። እርስዎ ሲጀምሩ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፤ መኪናዋ ስትቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋታል፣ እስክስታው ይደምቃል። ከዚያ መሪውን ወዲህ ወዲያ ያላጋል፤ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ለእርስዎ ያጨበጭባል። «ነዳጅ ስጠው፣ ይቀናል» የሚል አማካሪ ከተሳፈረማ ሰርግዎ ነው።

የሚጠሉት ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል። ብቅ ካሉም እግሩን ከነዳጅ ያነሣል፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ የመኪናዋን ፍሬን አይነካም። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ያንን ብቻ በእጁ ይጫናል። ሲረጋም «አለፈ» ብሎ አይሸመጥጥም፤ ከመንገዱ ወጥቶ፣ ደህና ቦታ ቆሞ ጭነቱን ያስተካክላል።

ከሰላምታ ጋር
የቀኝ መስመር ተጓዦች

ግልባጭ፦
ለፍሪጁ፣ ከአክስሉ ፊት
ለፍራሹ፣ በሩ ሥር
«ነዳጅ ስጠው» ላሉት ጋሼ፣ ኋላ ወንበር