«ልጆቹስ?»

ባለፈው ጥር ከባለቤቴ ጋር ለአራት ቀን ላንጋኖ ልንሄድ ስንነሣ፣ ደሴ ውስጥ የተጠየቅሁት ይኼንኑ ብቻ ነው። ጎረቤት ጠየቀችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጠየቀችኝ። ቡና ላይ ደግሞ አንዷ «እንዴት አስቻለሽ?» አለችኝ። ባለቤቴን ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም። እሱን «መልካም ጉዞ» ነው ያሉት። ልጆቹ የሁለታችንም ናቸው።

ጥያቄው ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቻችንን ይዘን የሸሸን ሰዎች ነን። ከዚያ ወዲህ ልጁን ለአንድ ሌሊት እንኳ ከዐይኑ ማራቅ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። እኔም አንዷ ነኝ። ቢሆንም ባልና ሚስት በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻቸውን መሆን አለባቸው እላለሁ። ይኼን የምለው እናቴን አይቼ ነው።

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር፣ በ1990 ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። ሲመለስ ዛጎል ያመጣልናል። ስለ ባሕሩ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። እናቴ ያንን ባሕር አንድ ቀን አላየችውም። አንዴ «ነይ፣ አብረን እንሂድ» ብሏት ነበር አሉ። «ልጆቹስ?» አለችው። በዚያው ቀረች። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛጎሎቹ ግን ዛሬም ኮምቦልቻ ቤቷ፣ ቡፌው ውስጥ ተደርድረዋል።

ስለ ላንጋኖው ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «አምጫቸው» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆይታ «አባትሽ ሲጠራኝ አለመሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል» አለች። ይኼን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ልጆቹን ይዘን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድን፣ እሷ ጋ አደርን። በማግስቱ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባን። ከዚያ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና። ገንዘቡ የዕቁብ ነው፤ ለሶፋ መቀየሪያ ያሰብነው ነበር።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትሸሹ፤ ቀለሙን የሚሰጠው ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። ዳርቻው አሸዋ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ እየመጣ እግርን ይመታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከደሴ ብርድ ለሄደ ሰው የሞቀ አሸዋ በባዶ እግር መርገጥ ራሱ ዕረፍት ነው።

የመጀመሪያው ማታ ግን ከበደን። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን፣ ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ የምናወራው ጠፋን። «ትንሹ በልቶ ይሆን?» አልኩ። «በልቶ ይሆናል» አለኝ። ሌላ ወሬ አልነበረንም። ያን ሌሊት ደነገጥኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት ትዳር በኋላ ልጅ፣ ክፍያና አስቤዛ ሲቀር የምንባባለው ጠፍቶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አጥፎ ውሃው ውስጥ ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ውሃ ውሃውን እያየ፣ ሥራ ቦታ ስለገጠመው ችግር ማውራት ጀመረ። መልቀቂያ ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ ቀዶታል። ሰባት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አላወቅሁም። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ቤት ስገባ ሁልጊዜ ደክሞሽ ነው የማገኝሽ» አለኝ። አለቀስኩ። እጄን ይዞ ዝም አለ። ለእኔ ጉዞው ይኼ ነው። ሌላው ምግብና እንቅልፍ ነው።

ባህላችን ጫጉላን ያውቃል። ሙሽሮች ሥራ አይሠሩም፤ ሰው እያበላቸው እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ቀን ይሰጣቸዋል። ይኼን ያሰቡ ሰዎች ትልቅ ነገር ገብቷቸው ነበር። ግን ለምን አንዴ ብቻ? ያኔ የተዋወቅነው ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኗል። እኛም ሆነናል።

ልጆቹስ? በሦስተኛው ቀን ስንደውል ትልቋ «ከእማ ጋር ቆሎ እየቆላን ነው፣ በኋላ ደውሉ» ብላ ዘጋችው። ጡት የሚጠባ ወይም የታመመ ልጅ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፣ አይኬድም። አያትን ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ፣ አስቤዛውን ሞልቶ መሄድ ይገባል። እሷም ሰው ናት፣ ትደክማለች።

ላንጋኖ ውድ ነው፣ ይኼን አልደብቅም። እኛም በየዓመቱ አንችለውም። ሐይቅ ከተማ ግን ከነሐይቁ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ውሃው ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ውሎ ማታ መመለስ ይቻላል። እዚያ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ለጥንዶች ዳርቻው ይሻላል። ጊዜ የለንም ለሚለውም፣ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ያንን ፈቃድ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለቤት እድሳት ነው የምንጨርሰው። ከ16ቱ ሁለቱ ለትዳር ቢሆኑ ምን ይጎድላል?

ስንመለስ እናቴ የጠየቀችኝ ስለ ውሃው ነው። ድምፁን፣ ማዕበሉን፣ እግሬ እስከ የት እንደገባ። ሁሉንም ነገርኳት። ለግንቦት ሐይቅ ሄደን አንድ ሌሊት ልናድር ቀን ቆርጠናል። ልጆቹ እሷ ጋ የሚይዙትን ልብስ ካሁኑ ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ነው።