ክርክር፦ ከጃፓኑ ሱፕራ የአሜሪካው ይበልጣል?

አራተኛው ትውልድ ቶዮታ ሱፕራ የስፖርት መኪና በአውሮፓውያኑ 1993 ወጣ። ባለ 3 ሊትሩ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር በጃፓን 280፣ በአሜሪካ 320 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዘገበ።

ደጋፊ፦ ይህ ምን ያከራክራል? 320 ከ280 ይበልጣል፣ አለቀ። ለአሜሪካ የተላከው ተርቦ ውስጡ የሚሽከረከረው ብረት ነው፤ የጃፓኑ ሴራሚክ። ሴራሚክ ስለሚቀል ቶሎ ይነሳል። ግፊት ሲበዛበት ግን ይሰባበራል። የአሜሪካው ኢንጀክተር በደቂቃ 550 ሲሲ ነዳጅ ይረጫል፤ የጃፓኑ 440። ቁጥር አይዋሽም።

ተቃዋሚ፦ «ቁጥር አይዋሽም» አልክ? የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር 280። የሚትሱቢሺ ጂቲኦ 280። ሱፕራም 280። አንዱ 2.6 ሊትር፣ ሌሎቹ 3። አቤት መገጣጠም! የጃፓን ፋብሪካዎች ከ280 በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ነበራ። እስከ 2004 ድረስ። አይዋሽም ያልከው ይህንን ነው?

ደጋፊ፦ ደበቁ ካልክ፣ ስንት ደበቁ? ስለ ተርቦው ብረትና ስለ ኢንጀክተሩ ጽፌ ነበር፤ አንዲት ቃል አልመለስክም። ደግሞ 280ው በጃፓን መለኪያ ነው። በአሜሪካው ሲሰላ 276 ነው።

ተቃዋሚ፦ 4 ፈረስ ፈልጎ አገኘ፣ እልል በሉ! ቁጥር የማይዋሽ ከሆነ ይህንንም ዋጠው፦ ከ1997 ጀምሮ የጃፓኑ ተርቦ ሞተር ቪቪቲ-አይ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክል ሥርዓት) ገባለት፤ ቶርኩ (የማሽከርከር ኃይሉ) 451 ኒውተን ሜትር ደረሰ። የአሜሪካው 427 ነው። ከመብራት ስትነሳ ወንበር ላይ የሚለጥፍህ ቶርክ ነው።

ደጋፊ፦ ስለ ፈረስ ጉልበት ጀመርን፣ ቶርክ ላይ ደረስን። ነገ ስለ ቀለሙ እንከራከራለን። ለመሆኑ «የጃፓን ሱፕራ አለኝ» ብሎ ከሚንጎራደደው ስንቱ ነው ተርቦ ያለው? ኮፈኑን ሲከፍቱት 220 ገደማ ፈረስ። ክንፉ ብቻ ትልቅ። ያ ሱፕራ አይባልም።

ተቃዋሚ፦ የኔ ተርቦ የለውም። ይህን ሳያውቁ የጻፉት አይመስለኝም፣ ጌታዬ። ያለ ተርቦው አሜሪካም ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ በ220 ፈረስ፣ በዚያው ስም። ያኛውም ሱፕራ አይባልም?

ደጋፊ፦ የርስዎ መሆኑን በምን አውቄ? ግን እውነቱ ይኸው ነው። የተርቦው ካምቢዮ ባለ 6 ማርሽ፣ የርስዎ ባለ 5። የሞተሩም ጭመቃ (አየርና ነዳጁን የሚያምቅበት መጠን) 10 ለ1 ነው፤ የተርቦው 8.5 ለ1። ጭመቃው ከፍ ያለ ስለሆነ ነገ ተርቦ ልጨምርበት ቢሉ እንኳ የተርቦውን ግፊት ቀንሰው ነው።

ተቃዋሚ፦ ተርቦ ልጨምር ያልኩት መቼ ነው? 5 ማርሽ ይበቃኛል። ስለ 451ዱ ግን እስካሁን መልስ አላየሁም።