እርማት፦ ውድ ዋጋ የአበራረር ዋስትና አይደለም

ወንድሜ፣ «ለኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ የሚሸጥ ተጨማሪ አውሮፕላን ዋጋው ውድ፣ ምስሉም ያማረ ከሆነ አበራረሩ እንደ እውነተኛው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም።

የምስል ሥራና የአበራረር ስሌት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የአብራሪው ክፍል ቁልፎች እስከ ጭረታቸው ተስለው፣ ሞተሩ ግን አየር ሲሳሳ ምንም የማይሰማው ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ፍላይባይዋየር የተባለው ቡድን ለማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሠራው ኤርባስ ኤ320 በነጻ ይገኛል፤ ለእኔ ከብዙዎቹ ባለዋጋ ሥራዎች ይበልጣል።

ባሕር ዳር ላለን ደግሞ መፈተኛው ደጃችን ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በመደበኛ ሁኔታ በ16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ በማስመሰያው ሴስና 172 የተባለውን ትንሽ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ይዘህ ከዚሁ ተነሣ። የነዳጁን ድብልቅ ሳታሳሳ፣ ማለትም ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ ሳትቀንስ፣ ሙሉ ጉልበት ብትሰጠው ሞተሩ መድከም አለበት። መንደርደሪያው መርዘም አለበት። አየሩ ስለሳሳ የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት (የአውሮፕላን የፍጥነት አሃድ) ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 65 ገደማ መሆን አለበት። እኔ ጥሩ ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት አንድ አውሮፕላን ግን በባሕር ጠለል ላይ ካለችው ጅቡቲ የተነሣ ይመስል እየፈነጠዘ ጣና ላይ ወጣ! በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት የሻጩን ፎቶ ተወውና፣ የገዙትን ሰዎች አንድ ነገር ጠይቅ፦ በከፍታ ቦታ ሲነሣ ርቀቱ ከእውነተኛው አውሮፕላን መመሪያ ሠንጠረዥ ጋር ይቀራረባል?